ከመግሪብ በኋላ ያለው ክፍል

«መጨረሻውን ቆርጬ ጣልኩት፣ ጋሽ መርሻ» አለች ዑባህ፣ በእጇ የጻፈችውን ቴአትር በሻይ ቤቱ በረንዳ ከብርጭቆዎቹ መሐል እያስቀመጠች። «እርስዎ እንዳሉት።»

መርሻ ደስ አለው። መቼም ሃያ ዓመት ሙሉ ጅጅጋ ተቀምጦ ስለ ቴአትርና ስለ ግጥም በጋዜጣ የጻፈ ሰው፣ ሰሚ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ሰሞኑን ደግሞ ጽሑፎቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆነውለታል። ከሁሉ የሚጠቀስለት ከአምስት ዓመት በፊት ይቺ የቀብሪበያ አስተማሪ እዚሁ ጅጅጋ መጥታ ስላሳየችው ቴአትር የጻፈው ነው፦ «እጃችንን አስታጥቦ፣ እህል ሳያቀምስ የሸኘን ድግስ።» ከተማው ስቆበታል።

«የትኛውን መጨረሻ?» አላት።

«ከሶላት በኋላ የሠራነውን ነዋ! መግሪብ ደርሶ አቋረጥን፣ ሰግደን ተመለስን አይደል? ኤልሚ፣ አላህ ይዘንለት፣ አባትየውን ሆኖ ልጁን በግጥም ይቅር ሲለው፣ ወላሂ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እናቴ ሳትቀር! እርስዎ ግን መጨረሻ የለውም አሉ። የተማረ ሰው ያየውን እኛ አላየነውም ብዬ፣ ይኸው አምስት ዓመት ስጽፍ ስሰርዝ። ሐሙስ እናሳየዋለን፤ አዲሱን ይዩልኝ።»

የመርሻ ጆሮ ጋለ። ያን ማታ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሲነሳ እሱም አብሮ ተነስቶ ነበር። አለቀ ብሎ አጨበጨበ፣ ለብቻው። አጠገቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈገግ አሉለት። ከዚያ ባጃጅ ይዞ ቤቱ ገባና ጻፈ።

ዝም ቢል ማን ያውቅበታል?

«ይጠጡ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አለችው። «መጽሐፍዎንም ገዝቻለሁ።»

«የኔ ልጅ» አለ፣ ብርጭቆውን ወደ ጎን እያደረገ። «እኔ አልተመለስኩም።»

«ከየት?»

«ለሶላት ስትነሱ ያለቀ መሰለኝ። ወጥቼ ሄድኩ።»

ሳቀች። «ሲቀልዱ!» ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቁ ከንፈሯ ላይ ቀረ።

«ሃያ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረው፣ ሰግደን እንደምንመለስ አላወቁም?»

መርሻ አዲሱን ጽሑፍ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«የድሮውን ስጪኝና ላንብበው» አለ፣ በለሆሳስ።

«ምኑን? ግጥሙን ኤልሚ በቃሉ ነበር የሚያወርደው። ወረቀት ላይ አልሰፈረም። እሱም አፈር ገባ።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሆዮ» አለች እናቷን፣ በሶማሊኛ። «ያን ጊዜ ኤልሚ ያስለቀሰሽ ግጥም፣ ትዝ ይልሻል?»

አሮጊቷ ሳል ሳል አሉ። «ምነው ዛሬ ትዝ አለሽ?» ብለው ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ኤልሚ እያዜሙ። ዑባህ አዲሱን መጨረሻ ገልብጣ በጀርባው ትጽፍ ገባች። ነፋሱ ወረቀቱን ሲያነሳባት መርሻ በሁለት መዳፉ ተጫነላት።

አራተኛው ስንኝ ላይ አሮጊቷ ጠፋቸውና ቆሙ።

«ቆይ... ቆይ፣ ልጄ።»

እስክሪብቶው ቆመ። መርሻ ቀና ሳይል፣ ወረቀቱን እንደያዘ ጠበቀ።