በጋሼ እሸቱ አፍ

«ቤቴ ነው የወደቅኩት ይበል። ክሊኒክም እንዲያ ካለ ሥራው አይነካም። በቃ፣ ይህንን ብቻ ንገሪው፣» አለ ሥራ አስኪያጁ ብራያን፣ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ።

ሃጀር ወዲያው አልተረጎመችም። ጋሼ እሸቱ ከፊቷ ተቀምጠው ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈዋል። ትከሻቸው ከቦታው ወጥቶ ጃኬቱን ወጥሮታል። ቅድም ከላይኛው መደርደሪያ የተንሸራተተው ካርቶን ሲመታቸው በዓይኗ አይታለች። ብራያንም አይቷል።

ግሮቭፖርት በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ያለው ይህ መጋዘን በዚያ ሁሉ ኮቪድ አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋም። ሃጀር ከደሴ መጥታ እዚህ ከገባች ጀምሮ ከማንም በላይ ሠርታ ባለፈው ወር የፈረቃው ሊድ፣ የሠራተኞቹ መሪ፣ ሆናለች። ያን ቀን ብራያን በሰው ፊት አጨብጭቦ «አሁን ከእኛ አንዷ ሆንሽ» ብሏት ነበር። ደስ ብሏት ነበር። አሁን ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ እሸቱ።

«ቤቴ ነው የወደቅኩት ይበሉ ነው የሚለው። ክሊኒክም ሲጠይቁዎት እንደዚያ። እንዲያ ካሉ ሥራዎ አይነካም።»

ጋሼ እሸቱ ወለል ወለሉን አዩ። አዲስ አበባ ሳሉ ሲቆጡ ሰፈሩ ጸጥ ይል እንደነበር ባለቤታቸው እትዬ ላቀች ሁልጊዜ ያወራሉ።

«እሺ በይው፣» አሉ።

«ጋሼ!»

«እሺ በይው አልኩሽ! ላቀች የምትታከመው ከዚህ ሥራ በማገኘው ኢንሹራንስ ነው። የኩላሊት እጥበቷን ታቁምልኝ?»

ሃጀር በብራያን ተናደደች። በጋሼ እሸቱም ተናደደች። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን ይህን ውሸት እንድታሻግር እሷ መጠራቷ ነው።

«ምን አለ?» አለ ብራያን።

«ኖ አሉ፣» አለችው በእንግሊዝኛ። «እዚሁ ነው የተጎዳሁት አሉ። እኔም አይቻለሁ።»

ጋሼ እሸቱ ቀና አሉ። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ቢሆንም ኖ ማለት አይጠፋቸውም። ብራያን እሷን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚናገር ቃሉን እየጎተተ፣ «እሸቱ! ሆም? አት ሆም፣ ኦኬ?» እያለ ደረታቸውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

ጋሼ እሸቱ ጣቱን አዩት።

«ኖ!» ብለው ጮኹ። «ሂር! ሂር!» በደህና እጃቸው ወለሉን ሊያሳዩ ሲሉ የለቀቁት ክንድ ተንጠለጠለና ከወንበሩ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ሃጀር ደግፋ አስነሳቻቸው።

በሩ ጋ ሲደርሱ ብራያን «ከነገ ጀምሮ ሊድ አይደለሽም» አላት። አልዞረችም።

ፓርኪንጉ ላይ ብርዱ ፊት ይገርፋል። ያመሰግኑኛል ብላ ነበር።

«ማን ልኮሽ ነው በእኔ አፍ የምትናገሪው?» አሏት።

«ውሸት ነበራ፣ ጋሼ!»

«ውሸቱ የእኔ ነበር! ሚስቲቱም የእኔ ናት! አንቺ ንዴትሽን ተወጣሽ፤ እኔንም አስጮኽሽኝ። ላቀችን ማታ ምን ልበላት?»

«እትዬ ላቀችስ ቢሆኑ እሺ በል ይሉዎት ነበር?»

«አንቺ አታውቂያትም!»

ሃጀር የመኪናዋን በር ከፈተችላቸው፤ ክሊኒክ የሚያደርሳቸው ሌላ ሰው የለም። ገብተው ቀበቶውን ለመሳብ ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። ጎንበስ ብላ ስታስርላቸው ቀበቶው የተጎዳው ትከሻ ላይ አረፈና ጥርሳቸውን ነከሱ። ጃኬቷን አወለቀች፣ አጠፈችና ከቀበቶው ሥር ሸጎጠችላቸው።

ጋሼ እሸቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጃኬቱን ግን አልገፉትም።