ዱባ የሚያካክሉ ፊደሎች

ይሄን ታሪክ ካመናችሁኝ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ እጋብዛችኋለሁ። አታምኑኝም እንጂ። የወለደችኝ እናቴም አላመነችኝም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። አባዬ፣ አቶ ደምሴ ማለት ነው፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጽሕፈት ቤት አለው። ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ድሮ በታይፕ ነበር የሚጽፈው፤ ወንድሜ አሸናፊ ጨቅጭቆት ነው ኮምፒውተር የገባው። ከገባም በኋላ እንደ ታይፕ ነው የሚያየው። ማውሱን ጅራቱን ይዞ ወደ ጎን ያደርግና "ይቺ የልጆች ናት" ይላል።

አሸናፊ የሠርግ ካርድ መሥራት ሲጀምር፣ ስክሪኑ ላይ ሁሉ ነገር እየገዘፈበት ኮምፒውተሩ አልበቃው አለ። ከአዲስ አበባ የስክሪኑን ምስል የሚያጠራ አዲስ ቪጂኤ ካርድ አስመጣና ገጠመለት። ሲከፍተው ፊደሉ እንደ ድሮው ዱባ ያክላል። የሙሽራዋ ፎቶማ ባሰ፤ ፊቷ በብሎኬት የተገነባ ይመስላል።

መናኸሪያ ጋ ኮምፒውተር የሚጠግን ሱሌይማን የሚባል ጓደኛ አለው። እሱ መጣ። ሲዲ ከተተ፣ አጠፋ፣ አበራ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ያሳየኝ ጀመር።

"አየሽ ሮሆቦት፣ ይቺን ምልክት በማውሱ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ወደ ግራ ከሄደች መልሶ ዱባ ይሆንልሻል።"

ፊደሉ ኩምሽሽ ብሎ ጤፍ አከለ። ሙሽራዋም ሰው ሆነች። አሸናፊ ሱሌይማንን እቅፍ አደረገው። አባዬ ጥግ ላይ ጋዜጣውን በሁለት እጁ አርቆ ይዞ እያነበበ ነበር። ቀና ብሎ አየን፤ "ጎበዝ" አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

በነጋታው ከምሳ ስንመለስ፣ ዱባ።

"ሮሆቦት" አለ አሸናፊ።

"ምን አረግኩ?"

"ሱሌይማን ሲያሳይ አፍሽን ከፍተሽ ስታይ የነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ባለፈው ሳምንት የእማዬን ሞባይል ጥሪ በበግ ድምፅ ቀይሬ ጸሎት መሀል ስላስጮህኩባት ስሜ ጠፍቷል።

ሱሌይማን ተጠራ፤ አስተካከለ። አደረና ዱባ። ደግሞ ተጠራ፤ ደግሞ ዱባ። በመጨረሻ ካርዱን ነቅሎ አገላብጦ አየው፣ እፍ እፍ አለበትና መለሰው።

"ዕቃው ንጹሕ ነው። ይሄ የሰው እጅ ነው" አለ። ይሄን ሲል የሚያየው እኔን ነው።

ያን ሳምንት ቅዳሜ ክፍላችን ወንዶ ገነት ፍልውሃ ሊሄድ ነበር። የዋና ልብስ ሳይቀር ተውሻለሁ። እማዬ ይሄን ስለምታውቅ ፍርዷን ሰጠች።

"እንደገና ቢበላሽ ወንዶ ገነት የለም።"

"እማዬ፣ በጌታ እኔ አይደለሁም።"

"ለበጉም በጌታ ብለሽ ምለሽልኝ ነበር።"

"ተያት ልጅቷን፣ ብርቅዬ" አለ አባዬ።

አባዬ ለእኔ ሲከራከር ከተወለድኩ ያኔ የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎኝ ሄጄ ጉልበቱን ሳምኩት።

እማዬ ግን ለእኔም ለሰይጣንም ፋታ አልሰጠችም። ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥታ ስክሪኑ ላይ እጇን ጫነችና ጸለየችበት። ከሁላችን ጮክ ብሎ አሜን ያለው አባዬ ነው። ያን ቀን ስክሪኑ ጤፍ እንደሆነ ዋለ፤ እማዬም "አያችሁ" አለች።

አመሻሽ ላይ አቶ ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ ደንበኛ ማመልከቻቸውን ይዘው ተመለሱ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ምነው? ስሜን ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት አርገው ጻፉት እኮ። የትኛው ነኝ ልበላቸው?"

"እነዚህ ልጆች ወሬ አብዝተውብኝ ነው" አለ አባዬ፣ ወረቀቱን እየተቀበለ።

በማግሥቱ፣ ዱባ።

"በቃ፣ ቀርተሻል" አለች እማዬ። እንባዬ መጣ። እኔ እንባዬ የሚመጣው ሽንኩርት ስከትፍ ብቻ ነበር።

አባዬ መሀል ገባ። "ቆዩ። ነገ ጠዋት ይስተካከልና ቀኑን ሙሉ እኔው እጠብቀዋለሁ። ሮሆቦት ከመጣችም እመሰክራለሁ፣ ካልመጣችም እመሰክራለሁ።"

ማንም አልተቃወመም። አባዬ ሲዋሽ ያየው የለም። ማውስ ሲነካም ያየው የለም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እማዬ ራሷ መጥታ ወሰደችኝና ቤት አስቀመጠችኝ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በር ላይ ቆማለች። ማታ አሸናፊ ፊቱን አጥቁሮ ገባ።

"ዱባ" አለ።

ሁላችንም ዞረን አባዬን አየነው። ኮቱን ቀስ ብሎ ሰቀለ።

"ልጅቷ በዚያ በኩል አላለፈችም። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።"

እማዬ ይቅርታ አትልም፤ ግን ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ደፋችልኝ። ጥፋቱ ወደ ካርዱ ዞረ። አሸናፊ "ነገ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከተበላሸ ነቅዬ ለሻጩ ነው የምመልሰው" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ልይዝ ስል አባዬን ሳላመሰግነው ልሄድ ነው ብዬ በጽሕፈት ቤቱ በር አንገቴን ብቅ አደረግኩ። አሸናፊ አስተካክሎት ወጥቷል። አባዬ ብቻውን ነው። አንገቱን ከስክሪኑ ወደ ኋላ አርቆ ዓይኑን አጨንቁሯል፣ ምላሱን በጥርሱ ይዟል፣ በቀኝ እጁ ማውሱን ጨብጦ ያቺን ምልክት ቀስ አድርጎ ወደ ግራ እየገፋት ነው።

በሉ፣ ይሄን ላገኛችሁት ሁሉ አውሩልኝ። ለአባዬ በጽሑፍ የምትሰጡት ከሆነ ግን በትልልቁ ጻፉለት።