ከመስመሩ ወዲህ

የሸኮው ጋሽ ዐብዱልጀባር ከቡናቸው ሥር አረም ሲመነጥሩ ገጀራው ስቶ እግራቸውን አቆሰላቸው። ነርሷ ሹክሪያ በየጠዋቱ ቁስሉን ታጥባለች፤ መጥበቡን ለማየት ዙሪያውን በእስክሪብቶ ታሰምርና፣ ቁስል እንዲያድን ረቂቅ የብር ማዕድን ብናኝ በተቀባ አዲስ ዓይነት ፋሻ ታሽገዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁስሉ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ዓርብ ጠዋት የቁስሉ መርዝ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ሞቱ።

«አባባን ልናጥባቸው ነው፤ ፋሻውን ፍቺልን» አላት ልጃቸው ካሊድ።

ፈታችው። እግሩ በረዶ ሆኗል። ቁስሉ ግን ከትናንቱ መስመር ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሸሽቶ፣ ዳር ዳሩ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል።

«አሁን ነው እንዴ የሚድነው?» አለ ካሊድ።

ሹክሪያ ልማድ ሆኖባት አዲስ መስመር አሰመረች። እስክሪብቶዋን ከድና ጎንበስ ስትል፣ ቁስሉ ከአዲሱም መስመር ጠቦ ነበር።