የናርዶስ ሰላምታ

ጠዋት የመድኃኒት ጠብታ፣ ከሰዓት የሰላምታ ልምምድ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለቱን ሳይጨርስ ትምህርት ቤት አይገባም ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ትርሲትም ልጇን ናርዶስን ማሠልጠኛ ማዕከል ውስጥ አስገብታ ወር ሙሉ ሳታያት ከረመች። ዛሬ ልትወስዳት መጣች።

ናርዶስ ተናግራ አታውቅም። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ግን በር ላይ ጠብቃት፣ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታሸተው ነበር። ሰላምታዋ እሱ ነበር።

የማዕከሉ በር ተከፈተ። ናርዶስ ቀጥ ብላ መጣችና ዓይን ዓይኗን እያየች እጇን ዘረጋችላት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ኧረ ልጄ ተናገረች!» ትርሲት እየጮኸች ልትስማት ስታጎነብስ ነጠላዋ ልጅቷ ፊት ላይ ወደቀ። ናርዶስ አላሸተተችውም። ጫፉን በሁለት ጣቷ አንስታ የእናቷ ትከሻ ላይ መለሰችው።

«ቀጥዪ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ይቀራል እኮ» አለች ከኋላዋ የቆመችው አሠልጣኟ በኩራት።

«ቤተሰብ ደህና ነው?» አለች ናርዶስ ጥርት ባለ ድምፅ። «ልጆችዎስ ደህና ናቸው?»

ትርሲት ክው አለች። አፏ ግን እንደ ልማዱ ቀድሟት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አለ።