ከማንቆርቆሪያው ሥር የተገኘው ነጭ ነገር

መቅደላዊት አበራሽን በደለቻት። በደሉም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ በወንድሟ በእሱባለው አርባ ቀን፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ቆማ፣ "ወንድሜን የገደለችው ይቺ ሚስቱ ናት!" አለች።

ማስረጃዋ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ እሱባለው በታመመባቸው ወራት ለእሱ ብቻ ሻይ የሚፈላበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ። መቅደላዊት ጓዳ ገብታ ክዳኑን ብትከፍተው ከሥሩ ነጭ ነገር ጋግሮ አየች። በፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው። ሐኪሞቹ ኩላሊት ነው ያሉትን እሷ መርዝ ነው አለች።

አበራሽ አልመለሰችላትም። በለቅሶ ቤት፣ በገበያ፣ በባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የመቅደላዊት አፍ ሰባት ወር ሙሉ ሲከተላት አንድ ቃል አልወጣትም። ምላሷ ለመንደራ ቆጪ ሰፈር ሁሉ የሚተርፍ ሴት ነበረች። "ሐዘን አደነዛት" አሉ ጎረቤቶች።

ቤቱም ደግሞ አልተዋትም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ትሰማለች፤ ቂል፣ ቂል፣ ቂል። እሱባለው ሻይ ሲያምረው እንዲያ ነበር የሚጠራት፤ ስሟን መጥራት ከተወ ዓመታት አልፈውታል። ብድግ ትላለች፤ ጓዳ ትደርሳለች፤ መሞቱ ትዝ የሚላት እዚያ ነው።

"ከበርሜሉ የሚንጠባጠበው ነው፣ ወላሂ! ሌላ ምን ይሆናል?" ትላታለች ጎረቤቷ ዘይቡ።

ከጣሪያው ሥር የቆመ ሰማያዊ በርሜል ነው። የደዶ ገጠር ልጅ እሱባለው፣ የከተማ ውሃ ድንጋይ ድንጋይ ይለኛል እያለ፣ ዝናብ ሊያጠራቅምበት ራሱ ነበር ያስቀመጠው። አበራሽ በርሜሉን ደፍታ ገለበጠችው። ማንኪያው ግን አልቆመም።

ሰኔ ሲገባ መቅደላዊት ማመልከቻ አጻፈች። አስከሬኑ ወጥቶ ይመርመርልኝ፣ ይቺ ሴትዮም ትታሰርልኝ የሚል ነው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተክለጻድቅ ለመኗት፤ "መቃብር ከመቆፈሩ በፊት ማንቆርቆሪያውን የሚያውቅ ሰው ይየው።" እሷም እሺ አለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም አበራሽ ቤት ተሰበሰበ፤ ቦይለርና ምድጃ የሚጠግነው ኡመይርም ተጠራ።

ኡመይር መቅደላዊት ያመጣችውን ማንቆርቆሪያ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየና ሳቀ።

"ለዚህ ነው ሰው የምትቆፍሩት? ውሃው ነው እኮ! የዚህ ሰፈር መስመር የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ኖራ ነው የሚያጠጣችሁ። ባለፈው የዘይቡን ልብስ ማጠቢያ ስፈታው ሬዚስታንሱ፣ ማሞቂያ ብረቱ፣ ድንጋይ ለብሶ የእኔን አውራ ጣት አክሏል። የእርስዎስ ቦይለር፣ አባባ፣ ለምን የሚጮህ ይመስልዎታል?"

"እኔማ ጋኔን የገባበት መስሎኝ ጸበል ስረጭበት ከረምኩ" አሉ አቶ ተክለጻድቅ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"በሉ ለሻይ እንኳ ዝናብ አጠራቅሙ፤ የሰማይ ውሃ ምንም ኖራ አይጥልም" አለ ኡመይር።

መቅደላዊት አልሳቀችም። "አንተ ምን ተከፍሎህ ነው?"

"እትዬ፣ የራስዎን ማንቆርቆሪያ ያምጡልኝ እስቲ።"

ቤቷ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ነው፤ አስመጣችው። ሻይ የምታፈላላት ሠራተኛ ስለሆነች ውስጡን አይታው አታውቅም። ክዳኑ ተከፈተ። ያው ነጭ፣ ያው ቅርፊት። ኡመይር ከጓዳ አንዲት ሎሚ አስወጥቶ ጨመቀበት፤ ነጩ ነገር ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

"ኖራ ነው! ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ አይደል?" አለ።

ለእሱባለው ማንቆርቆሪያ ሎሚ አልተረፈም፤ የጠየቀም ሰው የለም። ኡመይር ሁለቱንም ማንቆርቆሪያ ደጅ አውጥቶ በሽቦ ፈተጋቸው፣ አለቀለቃቸው። አብረቅርቀው ተመለሱ።

መቅደላዊት ማመልከቻውን ከቦርሳዋ አውጥታ አራት ቦታ ቀደደችው። ተንበርክካ የአበራሽን ግራ እጅ ሳመች፤ ሁለቱ ጣቶች ከእሱባለው ጋር በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት የተሰበሩ ናቸው፣ ዛሬም አይታጠፉም። በር ቆርጥሟቸው ነው ትል ነበር አበራሽ። አቶ ተክለጻድቅ መረቁ፤ ሰዉም ተበተነ።

ዝናቡ ጀመረ። አበራሽ ጃንጥላ ይዛ መቅደላዊትን እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት። ከኋላቸው፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ማንኪያው ብርጭቆ ይመታል። መቅደላዊት አትሰማውም፤ ታለቅሳለች።

"ውሃው ነው ለካ! አንቺን የመሰለች አስታማሚ ገዳይ ብዬ! ሰባት ወር ስሰድብሽ ምነው አንዲት ቃል ብትወጣሽ? አሁን እንኳ በይኝ፤ ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ብቻ ዝም አትበይኝ!"

አበራሽ ጃንጥላውን ወደ እሷ አስጠጋች።

"እትዬ፣ ወንድምዎ እኮ ከቧንቧ የወጣ ውሃ ባፉ ዞሮ አያውቅም።"