መሬት ላይ የቀረው ብረት

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ደረጃውን ወጣች። በምሳ ሰዓት ቤት መጥታ አታውቅም፤ ዛሬ ግን መነጽር ከምትሸጥበት ሱቅ ራሴን አሞኛል ብላ ነው ያመለጠችው። ሌባውን እጅ ከፍንጅ ሳትይዝ ላትመለስ ለራሷ ምላለች።

ሌባው ማን እንደሆነ ደግሞ አልጠፋትም፤ ታላቅ ወንድሟ ነው። ለማንም ተቀጥሮ ስለማያውቅ ቤተሰቡ «አለቃ» ይለዋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት እሱና ከታመመች ወዲህ ያለ ደጋፊ ከወንበር የማትነሳው እናታቸው ብቻ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በምትጫወተው ጌም ነው። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯን ትከፍትና፣ አይታቸው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የምትጫወትበት ዓለም ውስጥ ትገባለች። እዚያ ዶማ የያዘ አንድ አጭር ጢማም ሰው አላት። ስሙን «አጅሬ» ብላዋለች። አጅሬ ቋጥኝ እየፈለጠ ብረት ያወጣል፤ የተፈለጠው ቋጥኝ ግራጫ ይሆንና ብረቱ ሲሞላ መልሶ ይቀላል፤ በቆፈረ ቁጥር የቁፋሮ ሙያው ከፍ ይላል። ከረጢቱ ሲሞላ ብረቱን ተሸክሞ እስከ ከተማው መጋዘን ይሄዳል፣ አራግፎ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆፍራል። መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደ ጉንዳን እየተመላለሰች ያጠራቀመችው እሷ ናት።

ሰሞኑን ግን አጅሬ እሷ ሳትነካው ያድግ ጀመር። ጠዋት ትታው የወጣችው ሙያ ማታ ዘሎ ይጠብቃታል። ይሁን፣ ሰው ቢያግዛት ምን ከፋት? ያንገበገባት መጋዘኑ ነው። ያ ሁሉ ሲቆፈር ተውሎ አንዲት ፍንካች ብረት አልተጨመረችም። ታዲያ የተቆፈረው የት ገባ? አለቃ ለጓደኞቹ እያደለው መሆን አለበት። በሰው እጅ እባብ መያዝ ያውቅበታል።

ምልክቱም ብዙ ነው። ወንበሩን ዝቅ ብሎ ታገኘዋለች። ማውዙ ከቦታው ተነሥቶ የጠረጴዛው ጠርዝ ጋ ይቆያታል፤ ከፊቱ የታጠፈ ፎጣ ተነጥፏል። ሰነፍ ለስርቆትም ይመቻቻል ብላ አለፈችው።

ዛሬ ቁርስ ላይ ታዲያ በነገር ወጋ አደረገችው። የሰው ላብ የሚበላ ሰው ሆዱ አይሞላም አለች፣ ሻይዋን እያማሰለች። አለቃ ሊመልስ አፉን ከፈተና ወደ እናቱ አየ። እናትየው አንገቷን ደፋች። ጥርጣሬዋ የጠነከረው ያን ጊዜ ነው። እናቷም ታውቃለች ማለት ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ለወንድ ልጇ እየሸፈነችለት ነው።

የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ጆሮዋን አስጠጋች። ጠቅ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። እንደገና ጠቅ። ቀጥሎ የአለቃ ድምፅ፣ በሹክሹክታ፦

«ጣዪው፣ ጣዪው። መሸከሙ ጊዜ መፍጀት ነው።»

ጣዪው? ሴት አምጥቷል! እሷ ክፍል፣ እሷ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በእሷ አጅሬ ያጫውታታል። በሩን ገፋችው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ናት።

ቀኝ እጇ ማውዙ ላይ ነው፤ ያ ከታመመች ጀምሮ እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣው የምትውለው እጅ። አለቃ አጠገቧ ተንበርክኮ ክርኗን በመዳፉ ደግፏል። ሁለቱም ስኳር ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች ደርቀው ቀሩ።

«ኳሱን አልጨብጥም ብለሽ አልነበር?» አለች እናቷን። ሐኪሟ ጣቶቿን እንድታፍታታበት የሰጣትን የጎማ ኳስ፣ እናቷ እኔ ሕፃን አይደለሁም ብላ አልጋ ሥር ከወረወረችው ከርሟል።

አለቃ ነገሩን ማስረዳት ያዘ። መጀመሪያ ያሰበው በዚያ እጇ ማውዙን አንዴ እንኳ ብትጫን ብሎ ነበር። ኋላ እናትየው የአጅሬ ሙያ ከፍ ሲል አይታ፣ ቶሎ የሚያድግበት መንገድ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። አለ። ቋጥኞቹ በተጠጋጉበት መሐል ቆሞ፣ መጋዘን መመላለሱን ትቶ፣ የወጣውን ብረት እዚያው መሬት ላይ እየጣሉ መቆፈር ነው። ለእሷ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም፤ መቆፈሩም በጣት፣ መጣሉም በጣት።

«ታዲያ እኔን ለምን ተደበቃችሁኝ?»

አለቃ እንደ ጠዋቱ ወደ እናቱ አየ።

የመለሰችላት እናቷ ናት፤ ቃሉ አፏ ውስጥ እየከበዳት፣ በዝግታ። «እጄ ሲንቀጠቀጥ... አንቺ ፊትሽ ይለዋወጣል፣ ልጄ። ፊትሽን ሳይ እጄ ይከዳኛል። እሱ ድንጋዩን ነው የሚያየው።»

እኔ መቼ ልትል ነበር። ግን ኳሱ ከእናቷ መዳፍ እየሾለከ በወደቀ ቁጥር አጠገቧ ቆማ አይዞሽ ስትል ትዝ አላት፤ አይዞሽ ስትል ምን እንደምትመስል አይታ አታውቅም።

አለቃ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። ተንበረከከች፤ የእናቷን ክርን በመዳፏ ተቀበለች። ክርኑን ካሰበችው በላይ ቀሎ አገኘችው።

ስክሪኑ ላይ አጅሬ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። እግሩ ሥር ማንም ያላነሳው ብረት ተዝረክርኳል። ከፊቱ ያለው ግራጫ ቋጥኝ ቀስ ብሎ ቀላ።

«ሞልቷል፣ እማ» አለች።

ከጎኗ የእናቷ ትንፋሽ ሲያጥር ሰማች። ክርኑ መዳፏ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዞራ ልታይ ፈለገች፤ አንገቷን እንደምንም ያዘችው። ድንጋዩን ብቻ አየች፣ ጠቅ እስኪል።