ከጆንያ በፊት የተበላው

ታላቅየው የመጨረሻውን ጆንያ ራሱ ተሸክሞ ከማሳው ዳር ከቆመው ሚዛን ላይ ይሰቅላል። በዚህ ጉዳይ ሰው አያምንም።

«አስራ አንድ ኩንታል ሞላ» ትላለች የግብርና ባለሙያዋ፤ ትጽፋለች።

የታናሹ ቀድሞ ተመዝኗል፤ በቆሎ ስምንት፣ ቦሎቄ አንድ ተኩል። ማሳው አንድ ነው፣ የአባታቸው። እኩል ለሁለት ከፍለው ታላቅየው በቆሎ ብቻ ዘራበት፤ ታናሹ በቆሎውን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ ዘራ። ውላቸው አጭር ነበር። ብዙ ያገኘ ለከርሞ ማሳው በሙሉ እንደሱ ይዘራለታል፤ የተሸነፈ አፉን ይዘጋል።

«በል እንግዲህ» ይላል ታላቅየው እጁን እያራገፈ። «እኔ እህል ዘራሁ፣ አንተ ሐረግ።»

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ ማዳበሪያ የጨመርከው የእኔን እጥፍ ነው።»

«ማን ያዘህ?»

ባለሙያዋ ደብተሯን አልዘጋችም። «ሳይታጨድ እየተለቀመ የተበላ አለ?»

«እሸት በቆሎ ሁለታችንም በልተናል፤ እኩል ነን» ይላል ታላቅየው ቶሎ ብሎ።

«ቦሎቄውስ?»

ታናሹ አቀርቅሮ ከሚዛኑ ሥር የፈሰሰ ፍሬ ይለቅማል። ነገሩ ታላቅየውን ይቆረቁረዋል። ይሄ ሰው ከልጅነቱም የሚያቀረቅረው ሲያውቅ ነው።

የታላቅየው ሚስት የጆንያ አፍ እየሰፋች ናት። ቀና ሳትል ትናገራለች። «የጎተራው ካለቀ ጀምሮ እኔ በቀን አንድ ቅርጫት ለቅሜያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ። የታናሽህ ሚስትም ለቤቷ እንደዚያው።»

«ከየት?»

«ከየት ይሆናል? ባንተ በኩልማ ከበቆሎው ሥር አረም እንጂ ምን ነበረ!»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«‹ጨምሪልኝ› ስትል ምን እየበላህ መስሎህ ነበር?»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አካፋ ታነሳለች። በታላቅየው በኩል መሬቱን ስትወጋው አካፋው ድንጋይ እንዳገኘ ይጮኻል። በታናሹ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፤ ጥቁር፣ እርጥብ አፈር ይዞ ይወጣል።

«የቦሎቄው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበቱን አቆየለት» ትላለች። ከዚያ ወደ ታላቅየው ዞራ «አባት፣ የተበላው ሁለት ኩንታል አያንስም። ግን ማንም አልመዘነውም። እርስዎ ካላመኑበት አልጽፈውም።»

ሦስቱም እሱን ያያሉ። ለታናሹ ሁለት ኩንታል ከተጨመረ ተሸነፈ። ሰው በበላው አይፈረድበትም ቢል፣ ወንድሙ እንደማይከራከረው ያውቃል። የሚከብደውም ይኸው ነው። በዚያ ሁለት ወር አንድ ቀን እንኳ ጦሙን አላደረም።

«ጻፊው» ይላል።

ከዚያ ከወንድሙ ማሳ ይገባል። ጎንበስ ብሎ ቦሎቄው በነበረበት፣ በሁለት የበቆሎ ጉቶዎች መካከል ክንዱን ይዘረጋል፤ ይለካል። አንድ እርምጃ ይሄድና ደግሞ ይለካል።